ሙሉ ተነቃይ ጥርስ ሲያስገቡ፦ የሚታገሡትና የማይታገሡት

የላይኛውን ጥርሴን በሳምንት ለመድኩት። የታችኛው ግን ከአንድ ወር በላይ አስቸገረኝ። ስናገር ይነሳል፣ ስስቅ ይንሸራተታል፣ ስበላ ምግብ ከሥሩ ይገባል። ተበላሽቶ የተሠራ መስሎኝ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። አየችኝና “ሥራው ደህና ነው፤ ምላስዎ ነው ገና ያልለመደው” አለችኝ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ባልተጨነቅኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ላንቃን በሙሉ ይሸፍናል። በመሃል ያለው ስስ ምራቅና ዙሪያውን የገጠመው ጠርዝ አጥብቀው ይይዙታል። የታችኛው መሃሉ ክፍት ነው፤ የሚያርፍበት ድድ ጠባብ ነው፤ ምላስም ቀኑን ሙሉ ይገፋዋል። የሚይዙት ምላስና ጉንጭ ናቸው። የምላስዎን ጫፍ ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ማሳረፍ ይልመዱ። ወደ ኋላ በሳቡት ቁጥር ጥርሱ ይነሳል።

ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ አርቲፊሻሉ በዚያው ቀን ነው የሚገባው ወይስ ድዱ ከዳነ በኋላ? በዚያው ቀን ከገባ ያለ ጥርስ አይቀመጡም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የመንጋጋ አጥንት በፍጥነት ስለሚሟሽሽ ጥርሱ ቶሎ ይላላል፤ ውስጡ እንደገና መሞላት አለበት። እኔ 3 ወር ጠበቅኩ።

ከዚያ ልክ ይወሰዳል፣ የመንጋጋ ግጥምጥሞሽ በሰም ይለካል፣ ቀጥሎ ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ይሞከራሉ። ይህን የሙከራ ቀን አደራ፣ በችኮላ አይለፉት። ሰም እስከሆነ ድረስ ሁሉም ይስተካከላል፤ ወደ ፕላስቲክ ከተለወጠ በኋላ ግን ከባድ ነው። ጥርስዎ ሙሉ በነበረ ጊዜ እየሳቁ የተነሱትን ፎቶ ይውሰዱ። ፊትዎን በደንብ የሚያውቅ ሰውም ይዘው ይሂዱ። ልጄ አብራኝ ነበረች። “እማዬ፣ የፊት ሁለቱ ጥርሶችሽ እኮ ትንሽ ይደራረቡ ነበር” አለች። ሐኪሟ ወዲያው አደራረበቻቸው፤ መስታወት ውስጥ ያየሁት የራሴን ፊት ነበር። እዚያው ተቀምጠው ጮክ ብለው “ስልሳ ስድስት” ይበሉ። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ከተጋጨ ይናገሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍ ይሞላል፣ ምራቅ ይበዛል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሻል። ይህን ይታገሡት፤ ያልፋል። ንግግርም ይኮላተፋል። 30 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር። ሰ፣ ሸ እና ጸ ያፏጩብኝ ነበር። በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል ብቻዬን ጮክ ብዬ አነበብኩ። የተሰናከልኩበትን ቃል ደጋግሜ እለዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተስተካከለ።

ሲበሉ ለስላሳውን ያስቀድሙ፤ በትንሽ በትንሹ ይቁረጡት። በፊት ጥርስ አይግመጡ፤ ከኋላ ይነሳብዎታል። ጉርሻውን ለሁለት ከፍለው በግራም በቀኝም በአንድ ጊዜ ያኝኩ። ትኩስ ነገር ላይ ይጠንቀቁ፤ ላንቃዎ ስለተሸፈነ ሙቀቱን ሳያውቁት ጉሮሮዎን ሊያቃጥል ይችላል።

ሕመም ግን ሌላ ነው። ድዱ ከቀላ ወይም ከቆሰለ “እለምደዋለሁ” ብለው አይቻሉት። ሐኪሙ የሚነካውን ቦታ ብቻ ሞርዶ ያስተካክለዋል። እኔ 4 ጊዜ ተመላልሻለሁ። ራስዎ በጭራሽ አይሞርዱት፤ ከተሰበረም በሱፐር ግሉ አያጣብቁት። ከሕመሙ የተነሳ አውልቀውት ከነበረ፣ ከቀጠሮዎ በፊት ባለው ቀን ለትንሽ ጊዜ አፍዎ ውስጥ ያድርጉት፤ ምልክቱ ካልታየ የት እንደሚሞረድ አይታወቅም። በ2 ሳምንት የማይድን ቁስል ካለ ሳይዘገዩ ይታዩ። የአፍ ካንሰር እንዲህ ሊጀምር ይችላል።

ማታ ያውልቁት። ድድ ማረፍ አለበት። ጥርሱን ሳያወልቁ የሚተኙ ሰዎች ላንቃቸው በፈንገስ የመቅላት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሲያጥቡት ከሥሩ ውሃ የተሞላ ሳፋ ያስቀምጡ፤ ከእጅ ቢያመልጥ አይሰበርም። በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና እሹት። የጥርስ ሳሙና ይቧጭረዋል፣ የፈላ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር፤ ከደረቀ ቅርጹን ሊቀይር ይችላል። ድድዎን፣ ላንቃዎንና ምላስዎንም ይቦርሹ።

ማጣበቂያ ከተጠቀሙ ጥቂት ነጥብ ይበቃል። ዚንክ ያለበትን አብዝቶ ለረጅም ጊዜ መጠቀም ነርቭ ይጎዳል። የሚፈልጉት መጠን በየወሩ እየጨመረ ከሄደ ጥርሱ ላልቷል ማለት ነው፤ ውስጡን ያስሞሉት። አጥንቱ መሟሸሹን ስለማያቆም በዓመት አንዴ መታየት ያስፈልጋል።

ከወራት ልምምድና ማስተካከያ በኋላም የታችኛው አልይዝ ካለ ስለ ኢምፕላንት፣ ማለትም መንጋጋ አጥንት ውስጥ ስለሚተከል ትንሽ ብሎን፣ ይጠይቁ። በታችኛው መንጋጋ ሁለት ብቻ ተተክለው ጥርሱ እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ይያዝባቸዋል፤ ለማጠብም ይወልቃል።