ኮንቱር መስመርን በጎግል ኧርዝ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ኮንቱር መስመር በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው። የተጠጋጉ ኮንቱር መስመሮች ገደልን፣ የተራራቁት ደግሞ ለጥ ያለ መሬትን እንደሚያመለክቱ ሸምድዶ ፈተና የሚያልፍ ተማሪ፣ ካርታው ሲሰጠው መሬቱ በዓይነ ኅሊናው አይታየውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ምድርን በሳተላይት ምስል የሚያሳየውን፣ ጎግል ኧርዝ ፕሮ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም እመርጣለሁ፤ በአንድ መስመር ላይ ያለውን የከፍታ ለውጥ በግራፍ ያሳያልና።

ፕሮግራሙን ይጫኑ። በዋዜማው የሚያስተምሩበትን ቦታ ከሩቅም ከቅርብም ይመልከቱት፤ የታየው ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ትምህርቱ አይስተጓጎልም። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃል።

ከባዱ ሥራ ጥያቄውን ማዘጋጀት ነው። መጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቼን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጬ «እስኪ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ» ብዬ ነበር፤ ሁሉም የየቤቱን ጣሪያ ሲፈልግ ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ ስለ ከፍታም አንድ ነገር ሳንማር ወጣን። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ግምቱን በእርሳስ ሳያሰፍር ስክሪኑን አልከፍትም።

ለምሳሌ የግራንድ ካንየንን (አሜሪካ ውስጥ ያለ ጥልቅ ሸለቆ) ኮንቱር ካርታ አትመው ያድሉ፤ ከደቡቡ አፋፍ ወደ ሰሜኑ አንድ መስመር ያስምሩና ሸለቆው ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ያስሥሏቸው። ብዙዎቹ ሁለቱን አፋፎች እኩል ያደርጓቸዋል። አሁን በፕሮግራሙ ላይ ያንኑ መስመር ሠርተው ያስቀምጡ፤ በመስመሩ ስም ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው የከፍታ ፕሮፋይል (Show Elevation Profile) የሚለውን ይምረጡ። የሰሜኑ አፋፍ ከደቡቡ 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ ጊዜ ማብራሪያ ለመስጠት አይቸኩሉ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ወደ ካርታው ተመልሰው፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ሳያነብቡት ያለፉትን ቁጥር ያገኙታል። ለእኔ ትምህርቱ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው።

ግራፉ ግን ሊያሳስት ይችላል፤ ከፍታውን ከአግድመቱ አብልጦ ስለሚለጥጥ ሸለቆው ጠባብ ስንጥቅ ይመስላል። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውንና 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠልቀውን ሸለቆ፣ 1 ሴንቲ ሜትርን ለ1 ኪሎ ሜትር በመውሰድ በወረቀት ላይ እንደገና ያሥሏቸው። ጥልቀቱ 1.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የካርታ መስፈርት ትርጉምም አብሮ ይገለጥላቸዋል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተግባሩን ይገልብጡት፤ ግራፉን ብቻ ሰጥተው ኮንቱሩን እነሱ ይሥሩት።