የፋብሪካ ድርሻ ለባለሀብት ሲሸጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መስመር የዱቄት ፋብሪካ ወይም የዘይት መጭመቂያ ያለው ሰው ማስፋፊያ ሲያስብ፣ ከባንክ ብድር ሌላ የሚቀርብለት ድርሻ መሸጥ ነው። ገዢው ፕራይቬት ኢኩዊቲ የሚባለው ዓይነት ባለሀብት፣ ማለትም የሌሎችን ገንዘብ አሰባስቦ የኩባንያ ድርሻ እየገዛ ቆይቶ በትርፍ የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ከዘመድ ሽርክና በጣም ይለያል።

የመጀመሪያው ስህተት ገንዘቡን የባለሀብቱ የራሱ አድርጎ ማየት ነው። አብዛኛው የጡረታ ድርጅቶች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና የሌሎች ሀብታሞች ገንዘብ ነው። ይህ የተሰባሰበ ገንዘብ ፈንድ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የ10 ዓመት ዕድሜ አለው። አስተዳዳሪው በተለመደው አሠራር በየዓመቱ ከፈንዱ ገንዘብ 2 ከመቶ ገደማ ክፍያ፣ ከትርፉም 20 ከመቶ ይወስዳል። ትርፉ የሚታየው ድርሻው ሲሸጥ ስለሆነ ባለሀብቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ውስጥ ሸጦ ይወጣል። ኬኬአር የተባለው የአሜሪካ ፕራይቬት ኢኩዊቲ ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ዝዋይ ላይ ጽጌረዳ የሚያመርተው አፍሪፍሎራ ውስጥ ገብቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርሻውን ለመሥራቾቹ ቤተሰብ መልሶ ሸጧል።

ከሁሉ የከፋው ታዲያ መውጫውን ሳይጽፉ መፈረም ነው። ባለሀብቱ ሲወጣ ቅድሚያ የመግዛት መብት የማን ነው? ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው? ክፍያው በስንት ወር ይጠናቀቃል? በተለይ የእርስዎንም ድርሻ አብሮ የሚያሸጥ አንቀጽ ካለ ቃል በቃል ያንብቡት። ዝቅተኛ ዋጋ ያልተቀመጠለት እንደሆነ ፋብሪካው በማይፈልጉት ጊዜና ዋጋ ከእጅዎ ሊወጣ ይችላል።

ዕዳን ረስቶ ድርሻ ማስላትም አለ። ፋብሪካው 120 ሚሊዮን ብር ቢያወጣና የባንክ ዕዳው 30 ሚሊዮን ቢሆን፣ የባለቤቱ ሀብት 90 ሚሊዮን ብቻ ነው። ባለሀብቱ 30 ሚሊዮን ቢጨምር ሀብቱ 120 ሚሊዮን ይሆናል፤ ድርሻውም 25 ከመቶ። 30ን ለ90 አካፍሎ ሲሶውን የሰጠ ሰው 8 ከመቶ በላይ በነፃ ለቋል።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ ሁሉንም ማሽን ላይ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። በቀን 200 ኩንታል የሚፈጭ መስመር በወር 25 ቀን ቢሠራ 5,000 ኩንታል ስንዴ ይበላል። ኩንታሉ 5,000 ብር ቢሆን ለአንድ ወር ብቻ 25 ሚሊዮን ብር ነው። ዳቦ ቤቶች ደግሞ ዱቄቱን በዱቤ ይወስዳሉ። ስንዴው ከአውድማ ወጥቶ በታኅሣሥና በጥር ገበያውን ሲሞላ የሥራ ማስኬጃ የሌለው ፋብሪካ አይገዛም፤ ክረምት ላይ ከነጋዴ በውድ ይለምናል።

የቤትና የፋብሪካ ሂሳብ መቀላቀል ደግሞ ድርድሩን ገና ከጅምሩ ያበላሻል። ለድግስ የወጣ ዱቄት፣ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ፉርሽካ፣ ለወንድም የተሰጠ ብድር ሁሉ መዝገብ ላይ ይፈለጋል። ቢያንስ የ3 ዓመት ኦዲት የተደረገ ሂሳብ ያዘጋጁ። የአባትን የእርሻ ማሳም እንደሚሸጥ ንብረት ቆጥረው አያቅርቡ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

ስምምነቱን በሽማግሌ ቃል ብቻ መተው ሌላው ነው። ሽማግሌ ለዕርቅ ይጠቅማል፤ ድርሻን ግን አይመዘግብም። አዲሱን የድርሻ ክፍፍል የያዘው የተሻሻለ የኩባንያው መመሥረቻ ጽሑፍ ተፈርሞ ንግድ መዝገብ ውስጥ ሳይገባ የባለሀብቱን ገንዘብ አያንቀሳቅሱ።