በአንድ ግቢ ሦስት ሃይማኖት፦ ጎረቤትን የሚያስቀይሙ ስህተቶች

አዳማ ሙቀቷ በር አያስዘጋም፤ የአንዱ ቤት ወጥ ለሁሉም ይሸታል። እኔ በኖርኩበት ግቢ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ከአንድ ቧንቧ ውኃ እንቀዳለን። ቅያሜ ሲፈጠር ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ባለመጠየቅ ነው።

«አንድ ጉርሻ ምን አላት?» ማለት። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በተለምዶ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊም ያረደውን አይቀምስም። ለምኖ ማጉረስ ፍቅር ቢመስልም እንግዳውን ያስጨንቃል። አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ ምርቃት ስትደግስ ሁለተኛውን በግ እንዲያርዱላት ሙስሊሙን አባወራ ጠራች። ቢላዋቸውን ይዘው መጡ፤ ወጡንም ባለቤታቸው በራሳቸው ድስትና ጭልፋ ሠሩት። የዚያን ቀን ማንም ሰሃኑን እያየ አልተሳቀቀም።

ጾምን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ። አንዱ ከንጋት እስከ መግሪብ ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ ሌላው 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይርቃል። በእንዲህ ያለ ሰሞን ለማፍጠሪያ ከተጠበሰው ሳምቡሳ ለጎረቤት የሚላከው የምስሩ ነው። የሥጋው በሁለት ምክንያት ሳይነካ ያድራል። ዘይቱንም አትርሱ፤ ሥጋ የተጠበሰበት ከሆነ ምስሩም ፍስክ ነው፤ ስለዚህ ምስሩ ይቅደም። ፕሮቴስታንቱንም «እናንተማ አትጾሙም» አትበሉት፤ ጎረቤት የማያውቀው የጾምና የጸሎት ቀን ይኖረዋል።

ለቅሶን በራስ ልማድ መለካት። የሙስሊም ቀብር ከተቻለ በዕለቱ ይፈጸማል። «ነገ እደርሳለሁ» ያለ ሰው ቀብሩ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ የእድሩ ሰዎች ወዲያው ይደዋወሉ። ፕሮቴስታንት ሐዘንተኛንም «ተዝካሩ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ቁስሉን መነካካት ነው።

የድምፅን ነገር ለሌላ ማማት። ከጎረቤት ቤት በሌሊት የሚሰማው መዝሙር ወይም መንዙማ የታመመ ሰው እንቅልፍ ከነሳ፣ ቡና ላይ ከማንሳት የቤቱን በር አንኳኩቶ በትሕትና መንገር ይቀላል።

«ልጅ ነው» ብሎ ማጉረስ። ይህን በቀላሉ አትዩት። ወጡ ሸትቶት ደጃፋችሁ ላይ ለቆመ የጎረቤት ልጅ ሙዝ ወይም ዳቦ ስጡት፤ ሥጋ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ እናቱን ጠይቁ። እናቱ ከሌለች ሙዙ ይበቃዋል።