የኪውአር ኮድ በክፍል ውስጥ አልነበብ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በቡድን አንድ ስልክ ይዘው ጥያቄዎቹን በኪውአር ኮድ፣ ማለትም በስልክ ካሜራ በሚነበበው ባለ ጥቁርና ነጭ ካሬ ምስል፣ ያነብባሉ፤ ስልኩ አላነብ ሲል ግን የክፍለ ጊዜው ሩብ በዚያው ያልቃል። የሚከተሉት በእጄ የገጠሙኝ ችግሮች ናቸው።

ካሜራው ኮዱ ላይ ቢቆይም ምንም አያነብም። ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በኮዱ ውስጥ የታጨቀው ጽሑፍ መብዛቱ ነው። በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሙሉ አንቀጽ በአማርኛ ጽፌ ወደ ኮድ ብለውጠው፣ ካሬዎቹ እንደ ጤፍ ደቅቀው ካሜራው እየደበዘዘና እየጠራ ሲንገላታ ቆየ። የአማርኛ ጽሑፍ ፊደላትን በኮምፒውተር ለማስቀመጥ በተለመደው የዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ይወስዳል፤ ለእንግሊዝኛ ፊደል ግን አንድ ባይት ይበቃዋል። ትልቁ ኮድ፣ ማለትም 177 በ177 ካሬ ያለው፣ ቢበዛ 2953 ባይት ስለሚይዝ በአማርኛ 1000 ፊደል እንኳ አይሞላም፤ የተማሪ ስልክ ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ይቸገራል። ስለዚህ በኮዱ ውስጥ አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ይጻፍ፤ ረጅሙ ጽሑፍ በድረ ገጽ ተቀምጦ ሊንኩ ወደ ኮድ ይለወጥ። ሊንኩ ውስጥም የአማርኛ ቃል እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ስለሚዘረዘር «ፎቶሲንተሲስ» የሚለው ቃል ብቻውን 63 ምልክት ይሆናል።

ከፊት የተቀመጡት ያነብባሉ፣ ከኋላ ያሉት አይችሉም። በተለምዶ የኮዱ ስፋት ከርቀቱ አንድ አሥረኛ መሆን አለበት፤ ለሦስት ሜትር 30 ሳንቲሜትር ማለት ነው። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሳንቲሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ባለ ሦስት ሳንቲሜትር ኮድ ለየዴስኩ ማደል ይሻላል።

ጠዋት የተነበበው እኩለ ቀን ላይ እምቢ ይላል። የድሬዳዋ ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ላሚኔት የተደረገው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነጸብራቁ ጥቁሩን ካሬ ነጭ ያስመስለዋል። ወረቀቱን ያለ ፕላስቲክ በካርቶን ላይ መለጠፍ ይበቃል።

ፎቶ ኮፒው ወይም ያጌጠው ኮድ አይሠራም። ኮዱ በ1994 በጃፓን ለመኪና ዕቃዎች መከታተያ የተፈጠረ ስለሆነ ቆሻሻና ጭረት እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ኮዱ ሲሠራ እንደተመረጠው የእርማት ደረጃ (የተበላሸውን ክፍል የመጠገን አቅም) ከ7 እስከ 30 በመቶ ያህል ጉዳት ይቋቋማል። የትምህርት ቤቱን ዓርማ መሐል ላይ የሚያስገባ ሰው ከፍተኛውን ደረጃ ይምረጥ። በሦስቱ ማዕዘኖች ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ግን ሊነኩ አይገባም፤ ዙሪያውን ያለው የአራት ካሬ ያህል ነጭ ጠርዝም በመቀስ አይቆረጥ።

ኮዱ ይነበባል፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ፋይሉ ለባለቤቱ ብቻ ክፍት ከሆነ ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያየው ፈቃዱን መለወጥ ነው። በነፃ ሙከራ ከሚሠሩ ድረ ገጾች የተወሰደ ተለዋዋጭ ኮድ (አንባቢውን በዚያው ድረ ገጽ በኩል ወደ ሊንኩ የሚያሻግር) ደግሞ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ሊንኩን በቀጥታ የሚይዘውን ቋሚ ኮድ መሥራት ያስፈልጋል። የሞባይል ዳታ ለሌላቸው ቡድኖች ጥያቄውን ራሱን በኮዱ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ይህ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ኮዱን ከማባዛቴ በፊት ካሜራው እጅግ ደካማ የሆነውን የተማሪ ስልክ ተውሼ፣ በመጨረሻው ዴስክ ተቀምጬ እሞክረዋለሁ።