መጥቶ የሚጠፋ የልጆች ሽፍታ፦ ምክንያቱን ለማግኘት ምን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ?

ሌሊቱን የልጁ ሰውነት ችፍ ብሎ ያድራል። ሲነጋ ወላጅ ከሥራ አስፈቅዶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ቆዳው ንጹሕ ነው። «ሲመለስበት አምጡት» ይባላል። ሐኪሞች ዩርቲኬሪያ የሚሉት የዚህ ሽፍታ ጠባይ ይኸው ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ምክንያቱን ለማግኘት ከየትኛውም ላብራቶሪ ይልቅ የሚረዳው ወላጅ ቤት ውስጥ ያየውና የመዘገበው ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሽፍታው ጋር ልጁ መተንፈስ ካቃተው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከተዝለፈለፈ ምዝገባውን ይተዉትና በአቅራቢያዎ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር በ939 ይገኛሉ። ልጁን አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀና ብሎ ይቀመጥ እንጂ አይቁም፣ አይራመድ። በዚህ ሰዓት ሕይወት የሚያድነው ጭኑ ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ሽሮፕም ሆነ ሃይድሮኮርቲዞን አይተካውም። «አድሬናሊን ተሰጥቶታል ወይ?» ብሎ ባለሙያውን መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

ሽፍታው በእርግጥ ይህ ነው?

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል፤ ብዙ ገንዘብና ድካም የሚባክነው ሌላ ነገር እንደ አለርጂ ሲታከም ነው። አንድ እስክሪብቶ ይያዙ። ሁለት ወይም ሦስት እብጠቶች መርጠው በጠርዛቸው ዙሪያ መስመር ያስምሩ፤ አጠገቡ እዚያው ቆዳው ላይ ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ይመልከቱ። እብጠቱ ከመስመሩ ወጥቶ ከሰፋ፣ ቅርጹን ከቀየረ፣ ከዚያም 24 ሰዓት ሳይሞላው ምልክት ሳይተው ጠፍቶ ሌላ ቦታ ከወጣ ዩርቲኬሪያ ነው ማለት ይቻላል። ሽፍታው ባጠቃላይ ለሳምንታት ሊመላለስ ይችላል፤ ሰዓቱ የሚለካው ለእያንዳንዱ እብጠት ነው።

መስመሩ ውስጥ እንዳለ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ሌላ ነገር ይጠርጥሩ። መሐሉ ላይ ነጥብ ያለው፣ እግር ላይና ቀበቶ በሚያርፍበት ወገብ ዙሪያ የበዛ ከሆነ የቁንጫ ወይም የትኋን ንክሻ ሊሆን ይችላል፤ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን መጋጠሚያ በባትሪ ይፈትሹ። ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መሐል የሚወጣ፣ ሌላውንም የቤት ሰው የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ነው የሚጠረጠረው፤ መድኃኒቱም ለቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ከማሳከክ ይልቅ የሚያቃጥል፣ ከ24 ሰዓት በላይ የሚቆይ፣ ሲጠፋ እንደ በለዘ የሚተው ከሆነ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ንጹሕ ብርጭቆ አስደግፈው ሲጫኑት የማይደበዝዝ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ከትኩሳት ጋር ከታየ ደግሞ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ምች ነው» ተብሎ ቅጠል ጨምቆ መቀባት በየቤቱ የተለመደ ነው። የጤና አዳም ጭማቂ ግን ተቀብቶ ፀሐይ ካገኘው ቆዳን ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ የትኛው ሽፍታ የትኛው ቃጠሎ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

ፎቶና ደብተር

በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም፤ እብጠቱ ከቆዳው ጋር አንድ ዓይነት ወይም ትንሽ የጠቆረ ሆኖ ይታያል። የስልክ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲበራ ደግሞ ሁሉንም ያስተካክለዋል፣ ምንም ያልወጣበት ያስመስለዋል። ፍላሹን አጥፍተው ልጁን ወደ መስኮት በጎኑ ያቁሙት፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ እብጠቱ ጥላ ይጥላል። አንድ ፎቶ ከራቅ ብሎ ቦታውን የሚያሳይ፣ አንድ ደግሞ ከቅርብ፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ተደርጎ። ከንፈር ወይም የዓይን ቆብ ካበጠ እሱንም ያንሱ።

በደብተሩ ላይ ሐተታ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት እንደገባ፣ ሆዱና ጭኑ ላይ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጠፋ። ምሳ ሽሮ፣ 9 ሰዓት ላይ ለውዝ። ሲሮጥ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን። መድኃኒት የለም።» ሽፍታ ያልወጣበትንም ቀን «ደህና ዋለ፣ እንቁላል በላ» ብለው ይጻፉ፤ ይህ መስመር እንቁላልን ከተጠርጣሪነት ነፃ ያወጣል።

በልጆች ላይ ድንገት ለሚነሣ ዩርቲኬሪያ ትልቁ መነሻ ምግብ ሳይሆን ተራ የቫይረስ ሕመም፣ ማለትም ጉንፋንና ተቅማጥ ነው። የምግብ አለርጂ በአብዛኛው ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ያው ምግብ በተበላ ቁጥርም ይመለሳል። ምንም ተበላ ምንም ለሳምንታት በየቀኑ የሚወጣ ሽፍታ ምንጩ ምግብ የመሆኑ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። በግምት ወተትና እንቁላል መከልከል ልጁን ያቀጭጨዋል፣ ምክንያቱንም አያሳይም። የተቀላቀለ ምግብ ከጠረጠሩ ግን ውስጡ የገባውን ያዘጋጀችውን ሰው ይጠይቁ። አብሽና ለውዝ የአንድ ቤተሰብ ጥራጥሬዎች ስለሆኑ ለውዝ የማይስማማውን ልጅ አብሽም ሊያስቆጣው ይችላል።

ቅዝቃዜ፣ ሙቀትና ፍትጊያም በየራሳቸው ያስነሡታል። በክረምት ጠዋት ፊቱና እጁ ብቻ የሚያብጥ ልጅ የቅዝቃዜ ዓይነት ሊኖርበት ይችላል፤ ሐኪም እስኪያየው ቀዝቃዛ ዋና ገንዳ ውስጥ አይግባ፣ መላ ሰውነቱ በአንዴ ቀዝቅዞ ራሱን ሊስት ይችላል። ሐኪሙ በረዶ በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ ክንዱ ላይ 5 ደቂቃ ያሳርፋል፤ ካነሣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ያያል። ይህን ቤት አይሞክሩት። ሲሮጥ ወይም ፍልውሃ ገብቶ ሲሞቀው የሚወጡ ጥቃቅን ፍንጥርጣሪዎች ከላብና ከሙቀት ጋር የተያያዙ ናቸው። ክንዱን በማንኪያ እጀታ ቀስ ብለው ቢያሰምሩበትና በ10 ደቂቃ ውስጥ መስመሩ ተነሥቶ ቢያሳክክ የፍትጊያው ዓይነት ነው፤ ይህኛውን ቤት መሞከር ይቻላል።

የት ይጀመር?

በቀበሌዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። በተለይ የጤና መድህን ካርድ ያለው ሰው ሪፈር ሳይዝ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ሪፈሩ ላይ «ሽፍታ» ብቻ እንዳይጻፍ፤ ስንት ሳምንት እንደቆየና የትኛው መድኃኒት ተሞክሮ እንዳልሠራ እንዲሰፍር ይጠይቁ። አዲስ አበባ መሐል ከተማ ላሉ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12 እና ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ክፍል አላቸው። ለቆዳ ደግሞ በጅማ መንገድ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም፣ ካስፈለገ የቆዳ ሐኪም፣ ይህ ቅደም ተከተል ይሻላል፤ የሕፃናት ሐኪሙ የልጁን ክብደት፣ እድገትና ሌላ ሕመም አብሮ ያያልና።

ከወጣ 6 ሳምንት ያልሞላው ሽፍታ፣ ልጁ ሌላ ሕመም ከሌለበት፣ ብዙ ጊዜ ምንም ምርመራ አይሻም። ከ6 ሳምንት ካለፈ የሙሉ ደም ቆጠራ ከነጭ ሕዋሳት ዝርዝር ጋር፣ ኢኤስአር ወይም ሲአርፒ (ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች ናቸው)፣ እንዲሁም እንደ ሁኔታው የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዛል። በአገራችን የሰገራ ምርመራም ቦታ አለው፤ የአንጀት ትላትልና ጃርዲያ ሽፍታ ሊያስነሡ ይችላሉ። ሰገራው የትል መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ይሰጥ፤ ትኩስ እንዳለ ይድረስ። ጥገኛው በየቀኑ ስለማይወጣ በተለያዩ ሦስት ቀናት መስጠት ይመረጣል። አንድ ጊዜ የሚዋጥ አልቤንዳዞል ጃርዲያን እንደማያጠፋም ይወቁ።

ገንዘብ የሚፈስበት በር የደም አለርጂ ዝርዝር ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ምግቦች በአንድ ጊዜ ሲመረመሩ ልጁ በሰላም የሚበላው ምግብ ጭምር «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ለምግቡ አለርጂ አለው ማለት አይደለም። አጠቃላይ አይጂኢ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው ከአለርጂ ጋር የተያያዘ ፀረ እንግዳ አካል፣ በትል ብቻም ይጨምራል። ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ደብተሩ አንድ ወይም ሁለት ምግብ ሲጠቁም ነው። አይጂጂ የተባለውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ የምግብ ምርመራ ከቀረበልዎ አይክፈሉበት፤ የሚያሳየው ልጁ ምግቡን በልቶት እንደሚያውቅ ነው። የቆዳ ላይ የአለርጂ ምርመራ ከታዘዘ የአለርጂ መድኃኒቱን ቀድመው ያቋርጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት። ለደም ምርመራ ማቋረጥ አያስፈልግም።

ትኩሳትና ሽፍታ ሲገጣጠሙ ደግሞ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ተደርጎ «ታይፎይድ» ተብሎ አንቲባዮቲክ መጀመሩ የተለመደ ነው። ዊዳል በሽታው በሚዘወተርበት አገር አስተማማኝ አይደለም። አንቲባዮቲኩ ከተጀመረ በኋላ ሽፍታው ቢቀጥል ከመድኃኒቱ ይሁን ከሕመሙ መለየት ያስቸግራል።

እስከዚያው የሚሰጥ

ሴትሪዚን ሽሮፕ፣ 5 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር የሚለው፣ በከነማም ሆነ በሌላ ፋርማሲ ይጠየቃል። ከ2 እስከ 5 ዓመት ለሆነ ልጅ የተለመደው መጠን 2.5 ሚሊሊትር፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት 5 ሚሊሊትር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላለና የኩላሊት ሕመም ላለበት ልጅ ሐኪም ይወስን። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩት። ሽፍታው ሲወጣ ብቻ መስጠትና ሲጠፋ መተው ውጤቱን ያበላሻል፤ ሐኪሙ የወሰነው ጊዜ እስኪያልቅ በየቀኑ ይሰጥ። እንቅልፍ የሚያስይዙት የድሮዎቹ፣ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ለትምህርት ቤት ልጅ አይመከሩም፤ ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ፈጽሞ አይሰጥም። ለትኩሳት አይቡፕሮፌንን ትተው ፓራሲታሞል ይስጡ፤ አይቡፕሮፌን ሽፍታውን ሊያብሰው ይችላል። ዴክሳሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ መርፌ በየጊዜው መወጋት ለአንድ ቀን ያሳርፍና ሽፍታው ይመለሳል፤ መደጋገሙ እድገትን ይጎዳል።

ሽፍታው አሞክሲሲሊን ሲወስድ ከወጣ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚለው ቃል ዕድሜ ልኩን ካርዱ ላይ ከመጻፉ በፊት በስንተኛው ቀን፣ ከተዋጠ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደወጣ አብሮ ይጻፍ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የወጣና በስድስተኛው ቀን የወጣ ሽፍታ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው መድኃኒቱ የተሰጠበት ቫይረስ ነው። ሐኪሙ ይህን ለይቶ እስኪነግርዎ መድኃኒቱን ደግመው አይስጡ፤ ከዚያ ግን የውሳኔውን ቅጂ ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ፣ አንዱንም ለትምህርት ቤቱ ይስጡ።