ታብሌት ከመግዛታችሁ በፊት የፕሮግራሙን ስም ጻፉ
ባሕር ዳር ላይ ታብሌት ልትገዙ ያሰባችሁ ተማሪዎችና የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትሠሩበትን ፕሮግራም ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። የሒሳብ መዝገብ መያዣው ፒችትሪ ወይም የስታቲስቲክስ መተንተኛው ኤስፒኤስኤስ ካለበት አንድሮይድም ሆነ አይፓድ አይሆናችሁም፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም አይጫንባቸውም። የሚበጃችሁ እንደ ሰርፌስ ፕሮ ያለ፣ በዊንዶውስ የሚሠራ፣ የቁልፍ ሰሌዳው የሚነቀል ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ለብቻው ስለሚሸጥ ዋጋውን ደምሩ። ራሙም (ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማኅደር) ከ8 ጊጋባይት አይነስ፤ በኋላ ልጨምር ቢሉ አይቻልም።

ለንባብና ለቪዲዮ ከሆነ ተራው ታብሌት ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም በስልክ ፓወር ባንክ ይሞላል።

አደራ፣ ከሱቁ በር ወጣ ብላችሁ ፀሐይ ላይ እዩት። ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ ስትከፍቱት ከጽሑፉ ይልቅ የራሳችሁን ፊት የሚያሳይ ስክሪን አለ።