ሃኒሳክልን በቁራጭ ስታባዙ ተጠንቀቁ፦ ጅማ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«እጄ ላይ ተክል አይፀድቅም» የሚል ሰው ጅማ ውስጥ ስሰማ ይገርመኛል። አፈሩ አለ፣ ዝናቡ አለ፣ ሙቀቱም ልከኛ ነው። ሃኒሳክል ደግሞ ሲፈጥረው ለመብቀል የሚቸኩል ሐረግ ነው። ታዲያ ከጎረቤት አጥር ተለምኖ የመጣው ቁራጭ ለምን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይጠቁራል? እኔ እንደማየው አብዛኛውን የሚገድለው የእንክብካቤ ብዛት ነው። ውሃ ይበዛበታል፣ ፍግ ይበዛበታል፣ መነካካት ይበዛበታል።

የትኛውን ተክል እንደምል ግር ያለው ካለ፦ አጥርና በረንዳ ላይ የሚጠመጠመው፣ አበባው ነጭ ሆኖ ፈክቶ ቆይቶ ወደ ቢጫ የሚለወጠው፣ ሲመሽ ሽታው ግቢውን የሚሞላው። የጃፓን ሃኒሳክል የሚባለው ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ጥንዱ የወጣበት እብጥ ያለ ቦታ አንጓ ነው። ሥሩ በዋናነት የሚመጣው ከዚያ አካባቢ ስለሆነ አንጓን ያዙልኝ።

በፈረንጅ ወር መቁረጥ

ዩቲዩብ ላይ «በሐምሌና በነሐሴ ቁረጡ» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ለእንግሊዝ። እዚያ ያኔ በጋ ነው። ጅማ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ የተቀደደ የሚመስልባቸው ወራት ናቸው፤ ያኔ ደጅ ላይ የተሰካ ቁራጭ ሥር ከማውጣቱ በፊት ይበሰብሳል። የእኛ ጥሩ ጊዜ መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ነው፣ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ማርጠብ ሲጀምር። ያኔ የተቆረጠ ሰኔ ላይ ሥር ያለው ችግኝ ይሆናል፣ ክረምቱን አጥር ሥር ሆኖ ይጠጣል፣ ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያቆም ራሱን ችሏል። ጥቅምት ላይ የሚቆርጥ ሰው ግን ለጋ ችግኝ ይዞ ወደ ደረቁ ወራት ይገባል፣ እስከ የካቲት ውሃ ሲያመላልስ ይከርማል። ክረምት ላይ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ ብርሃን ያለው፣ ዝናብ በቀጥታ የማይመታው በረንዳ ፈልጉ።

ያማረውን ቅርንጫፍ መምረጥ

ሰው ሲቆርጥ ዓይኑ የሚሄደው አበባ ወዳለበት ነው። እሱን ተዉት። አበባና እምቡጥ የተሸከመ ቅርንጫፍ ያለውን ጉልበት ወደዚያ ስለሚያፈስ ለሥር አይተርፈውም። ከጫፍ ያለው በጣም ለጋውም አይሆንም፣ ከሰዓት በኋላ ሳይደርስ አንገቱን ይደፋል። ያረጀው ቡናማ ግንድ ደግሞ ቅርፊቱ የሚላጥና ውስጡ ባዶ ስለሆነ እምብዛም ተስፋ አይጣልበትም። የምትፈልጉት መሃሉን ነው፦ የዘንድሮ የሆነ፣ አረንጓዴነቱ ገና ያልጠፋ ግን ጠንከር ማለት የጀመረ፣ ጎበጥ ስታደርጉት ሳይሰበር ተመልሶ የሚቃና።

በጠራራ ፀሐይ ቆርጦ በእጅ ይዞ መዞር

ማለዳ ቁረጡ፣ ሐረጉ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ በጠገበበት ሰዓት። ከዚያ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ወይም በኮባ ቅጠል ጠቅልሉት። ኮባ በየጓሮው አለ፣ እርጥበትም ይይዛል፣ ከፌስታል ይሻላል። ቁራጩን ባጃጅ ውስጥ ጭናችሁ መርካቶ ጎራ ብላችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ዕቃ ገዝታችሁ ቤት ስትደርሱ የተረፈው ነገር ከችግኝነት ይልቅ ለማገዶ ይቀርባል።

የትም ቦታ፣ በማንኛውም ቢላዋ

የሽንኩርት ቢላዋ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ቦታ ደግሞ የበሽታ በር ነው። አዲስ ምላጭ ወይም ስለታም መቀስ በአልኮል ጠርጋችሁ ተጠቀሙ። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ይኑረው። የታችኛው ቁርጥ ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን። ከአንጓው በታች ረጅም ጭራ ከተዋችሁ ያ ጭራ ሥር ሳያወጣ ይበሰብስና ብስባሱን ወደ ላይ ይልከዋል።

በነገራችን ላይ ገልብጦ የሚተክል ሰው ብዙ ነው። ቅጠሉን ከነቀላችሁ በኋላ ላይና ታቹ ይምታታል። ሲቆረጥ ታችኛውን ሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርጉት፣ አለቀ።

ለቅጠሉ መሳሳት

ቁራጩ ሥር የለውም፣ ስለዚህ በቅጠሉ የሚያጣውን ውሃ የሚተካበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ላይ አንድ ጥንድ ቅጠል ብቻ ተዉለት። እሱም ሰፋፊ ከሆነ በመቀስ ግማሹን ቁረጡት። ልብ አይራራ።

ፍግና የቡና ገለፈት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ጅማ ላይ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። «ጥሩ አፈር» ሲባል የሁላችንም አእምሮ ውስጥ የሚመጣው በፍግ የጠቆረ አፈር ነው። ለጎመን አዎ። ሥር ለሌለው ቁራጭ ግን ምግብ ምን ያደርግለታል? የሚመገብበት አፍ ገና አልወጣለትም። ትኩስ ፍግ ያቃጥላል፣ ሻጋታና ጀርምም ይዞ ይመጣል። ከቡና መፈልፈያ በነፃ የሚገኘው ገለፈትም እንደዚያው ነው፣ ሳይብላላ ከተጨመረ ሲፈርስ ይግላል፣ እርጥበቱንም ከልክ በላይ ይይዛል። በደንብ በስብሶ አፈር ሲመስል ለትልቁ ተክል በጣም ጥሩ ነው፣ ለጊዜው ግን ወደ ጎን አስቀምጡት።

የግቢያችን ቀይ አፈር ብቻውንም አይሆንም። ክረምት ላይ ሲረግጡት ጫማ የሚይዘው ያ አፈር ቁራጩንም እንደዚያው አጥብቆ ይይዘውና አየር ይከለክለዋል። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የተነፋ አፈር ቀላቅሉ። አሸዋው ለግንባታ ከተራገፈው ሊሆን ይችላል፣ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ ሲሚንቶ የነካው ግን አይሁን። ዕቃው ደግሞ ጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ የፈለጋችሁት ይሁን፣ ብቻ ታቹ በደንብ ይበሳ። ያልተበሳ ባልዲ ውስጥ የሚተክል ሰው ረግረግ እየሠራ ነው።

ጠዋትም ውሃ፣ ማታም ውሃ

ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ አታጠጡ። የቁራጩ ሥረኛ ክፍል ጠቁሮ ከለሰለሰ ውሃ በዝቷል፣ እሱን ነቅላችሁ ጣሉት፣ ለጎረቤቱ እንዳይተርፍ። ቁራጭ የሚፈልገው አፈሩ ውስጥ የቆመ ውሃ አይደለም፣ በቅጠሉ ዙሪያ ያለ እርጥብ አየር ነው። የቡና ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ይህን ነገር በደንብ ያውቁታል። ዲቃላ የቡና ዝርያ በዘር ሲባዛ እናቱን ስለማይመስል በቁራጭ ይባዛል፣ ቁራጮቹም በዳስ ጥላ ሥር፣ በፕላስቲክ ተሸፍነው ነው ሥር የሚያወጡት። እኛም ቤት ውስጥ በትንሹ ያንኑ እንሥራ።

ሸፍኖ ፀሐይ ላይ መተው

ሽፋኑ ቀላል ነው። የሁለት ሊትር ሃይላንድ ታቹን ቆርጣችሁ ቁራጩ ላይ መድፋት ነው። የሚበላሸው ቀጥሎ ነው፦ «ፀሐይ ያግኝ» ተብሎ ቀትር ላይ ደጅ ይወጣል። ውስጡ እንደ ድስት ይፈላል። ዛፍ ሥር ወይም ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ብሩህ ቦታ አስቀምጡት፣ ክዳኑንም በቀን ትንሽ ሰዓት ክፈቱለት፣ አለበለዚያ ሻጋታ ይገባል።

ማር፣ እሬት፣ ዱቄት

ሥር ያወጣል ተብሎ የማይቀባ ነገር የለም። የሥር ማውጫ ሆርሞን ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ ግን ሃኒሳክል ያለሱም ይፀድቃል። ማራችሁን ብሉት።

ብርጭቆ ውስጥ መርሳት

በውሃ ብርጭቆ ሥር ማስወጣትም ይቻላል። ችግሩ ሥሩ ሲታይ ደስ ስለሚል ሰው መስኮት ላይ ትቶት ይከርማል። የውሃ ሥር ሲረዝም ተሰባሪ ይሆናል፣ አፈርንም መልመድ ይቸግረዋል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ወደ አፈር አዙሩት፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

እየነቀሉ ማየት

አዲስ ቅጠል ወጣ ማለት ሥር ወጣ ማለት አይደለም። ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ብቻ ቅጠል አውጥቶ ስንቁ ሲያልቅ የሚደርቅ ቁራጭ ብዙ ነው። ሥር ለማውጣት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉት፣ እምቢ ካለ ይዟል፣ ከላላ ተዉት። ነቅሎ ያየ ሰው ፀጉር የመሰሉትን ሥሮች በጥሶ ከዜሮ ይጀምራል።

ከዳስ ወደ አጥር በአንድ ቀን

ሥር ካወጣ በኋላ ሽፋኑን ቀስ በቀስ እያነሳችሁ፣ የጠዋት ፀሐይ እያስለመዳችሁ ሰንብቱ። ከዚያ ወደ አጥሩ። አሁን የበሰበሰ ፍግ ብትጨምሩ አልጣላም። የሚጠመጠምበት ሽቦ ወይም እንጨት አስቀድማችሁ አቁሙለት፣ ቡና ወይም አቮካዶ አጠገብ ግን አትትከሉት፣ ወጥቶ ያንቀዋል። አበባ በመጀመሪያው ዓመት ካላያችሁ አትነቃቅሉት፣ ሁለተኛውን ጠብቁ። ስትከረክሙት ደግሞ ክርክሙን አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ጫካ ውስጥ አትጣሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ይሄው ሐረግ ከግቢ አምልጦ ደን እያለበሰ አስቸግሯል። ጥቁር ፍሬው አይበላም፣ ሕፃናት ካሉ ንገሯቸው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነባችሁና እናቲቱ ሐረግ የራሳችሁ ከሆነች፣ ሳትቆርጡ ማባዛትም አለ። አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ወደ መሬት አጉብጣችሁ አንጓው ያለበትን ቦታ ጥቂት አፈር አልብሱት፣ እንዳይነሳ ድንጋይ ጫኑበት፣ ክረምቱን እናቱ እየመገበችው ይከርማል። መስከረም ላይ አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ሥሩ በደንብ ከያዘ ከእናቱ በኩል ቆርጣችሁ አንሱት።